የኮምፒውተር ወዳጆች ቡድን ምን ይሠራል? ለእኛስ ምን ይጠቅማል?

በየዶርሙ አንድ ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተር ሲቆም፣ ፍላሽ አልከፈት ሲል፣ ፕሪንተር ሲያስቸግር ሁሉም “እሱን ጥሩት” የሚለው ልጅ ማለቴ ነው። ለፈተና ሲያጠና ይጠራል፣ ምሳ ሲበላም ይጠራል። ስሙ በብሎኩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሚያውቀው ነገር ግን ከእሱ አልፎ አይሄድም። ሲመረቅ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረነው እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ዓለም ለዚህ ችግር ያገኘውን ቀላል መፍትሔ ነው፤ እሱም የኮምፒውተር ወዳጆች ቡድን ነው።

የኮምፒውተር ወዳጆች ቡድን ስንል የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ክበብ ማለታችን ብቻ አይደለም። ለኮምፒውተር ፍቅር ያላቸው ወይም በኮምፒውተር የተቸገሩ ሰዎች በታወቀ ቀንና ቦታ ተገናኝተው ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ስብስብ ነው። ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬትም አይሰጥም። አንዱ ትላንት የፈታውን ችግር ዛሬ ለሌላው ያሳያል፣ በቃ።

በታሪክ ስሙ በጣም የሚነሳው “ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ” የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ጎርደን ፍሬንች በሚባል ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ 30 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። ያሰባሰባቸው አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ነበር። አልቴር ሲገዛ የዛሬው ዓይነት ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም፤ ያሉት ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎችና መብራቶች ናቸው። ምን እንደሚሠራበት ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ አብረው ማወቅ ነበረባቸው።

እኔን የሳበኝ የስብሰባው አካሄድ ነው። ሊ ፌልሰንስታይን የሚባለው የመድረክ መሪ ስብሰባውን በሁለት ይከፍለው ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ማንም ሰው ብድግ ብሎ “እኔ ይህ አለኝ፣ ይህ ግን ቸግሮኛል” ይላል። በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ከወንበሩ ይነሳና የሚፈልገውን ሰው ፈልጎ ያነጋግራል። ማን ምን እንደሚያውቅ ቀድሞ ስለተሰማ ፍለጋው አይከብድም። ከአባላቱ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። አፕል 1 የተባለውን ኮምፒውተር ዲዛይን አድርጎ ንድፉን ለክለቡ ሰዎች በነፃ ይሰጥ ነበር። አፕል ኩባንያ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1976 ነው።

“ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው፣ እኛ ጋ ምን አለ?” የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዶ/ር ዳዊት በቀለን የመሰሉ ባለሙያዎች ያሉበት፣ ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚወተውት የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያም በፊት እንደ ዶ/ር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደክመዋል። ያቃጠላቸው ነገር የራሳቸውን ፊደል ስክሪን ላይ ለማየት አለመቻላቸው ነበር።

ይህ የፊደል ነገር እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። ዶርም ውስጥ አሳምረን የጻፍነው ዜና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ቁጭ ይላል። የማስረከቢያው ሰዓት ደግሞ አይጠብቅም። ለምን እንዲህ ይሆናል?

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ ከዚያም ላይ ለሌላ ሥራ የተያዘ ብዙ አለ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የድሮ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የያዘው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን የግዕዝ ልብስ ያለብሰዋል። ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ላይ ልብሱ ይወልቅና ያ ዝብርቅርቅ ይታያል። ችግሩን ያባሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አደራደር መከተሉ ነው።

መፍትሔው ዩኒኮድ ሆነ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ “ሀ” ቁጥሯ 4608 ሆነ፣ የትም አገር ብትሄድ 4608 ነች። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለውን ፎንት ጨመረ። ለጋሞ ዞን ሰው ደስ የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ነው። በዚያ ላይ 32 ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል፤ እነዚህም ጋሞኛ፣ ጎፍኛ፣ ዳውሮኛ፣ ባስኬትኛና ጉሙዝኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ የሚያስፈልጉ ናቸው።

ስለዚህ ጽሑፋችን ሲዘበራረቅ “ጠፋ” ብለን ከመደንገጥ በፊት መጠየቅ ያለበት በየትኛው ፎንት ተጻፈ የሚለው ነው። ያው ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። ካልሆነም ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ይህን አንድ ሰው ለአሥር ሰው በአንድ ከሰዓት ማሳየት ይችላል። ቡድን ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ የፍላሽ ቫይረስን። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። አንዱ መጥቶ “ፎርማት አድርገው” ይላል። ፎርማት ማድረግ ቫይረሱን ያጠፋ ይሆናል፤ ፋይሉንም ግን አብሮ ይወስደዋል። እውነቱ ግን በዚህ ዓይነት ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ አይጠፉም፣ ይደበቃሉ። ሾርትከቱን ሳይነኩ በታደሰ አንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል። የአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው በዚያች ፍላሽ ብቻ ከሆነ፣ በሁለቱ ምክሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓመት ልፋት ነው።

የቡድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ለብቻ የተሰጠ ምክር ስህተት ቢሆን የሚያርመው የለም። በሰው ፊት ሲሰጥ ግን ከጎን “ቆይ፣ እሱን እንዳታደርግ” የሚል ይገኛል። ይህ አስተሳሰብ ለጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም። በጋሞ ደጋ ሰዎች ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ቦታ ተቀምጠው ጉዳያቸውን በአደባባይ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያርማል፣ ይጨምራል። ለኮምፒውተርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው ባይ ነኝ።

አንድ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገርም አለ። እውቀት መካፈልና የሰው ሶፍትዌር ማባዛት አንድ አይደሉም። በሆምብሩ ጊዜም ይህ አከራክሯል፤ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለኮምፒውተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ሶፍትዌሩን ሳይከፍሉ እየገለበጡ መጠቀማቸውን አማሯል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው “ክራክ” ራሱ ቫይረስ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ እንደ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ያሉ በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገለበጡ ሶፍትዌሮች አሉ። ቡድኑ እነዚህን አንድ ጊዜ ቢያወርድ ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ የኢንተርኔት ወጪም ይቆጠባል።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? በእኔ አስተያየት አራት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ የማይለወጥ ቀንና ቦታ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ክፍል ውስጥ። ሰዓቱ ከመሸ ሴት ተማሪዎች ስለሚቀሩ በቀን ይሁን። ሁለተኛ፣ እንደ ሆምብሩ መጀመሪያ “ያለኝና የቸገረኝ” ይባል፣ ከዚያ ይፈታ። ሦስተኛ፣ ችግሩና መፍትሔው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የሚያውቀው ልጅ ሲመረቅ ደብተሩ ይቀራል። ይህን መጻፍ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቢተውልን ደስ ይለኛል፤ ከባድ ነገርን ቀለል አድርጎ መጻፍ ሙያችን ነውና። አራተኛ፣ የሰው ኮምፒውተር ሲነካ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያስገባ፣ ማንም አይጠይቀው። ያለዚህ እምነት ማንም ማሽኑን ይዞ አይመጣም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ያ በየዶርሙ የሚጠራው ልጅ ዛሬ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሟል። ከሴቻም ሆነ ከሲቀላ፣ ከግቢም ሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው አንዳንድ ቢያነሳለት እሱም ምሳውን በሰላም ይበላል፣ እኛም እንማራለን። ሐሳቡን የምትደግፉ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን ካላችሁ ለመነሻ የሚያስፈልገን አንድ ክፍል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩን እኔ አመጣለሁ።