ግቢው ቀለሙን ለምን ይተፋል?

በኢሉባቦር፣ መቱ ላይ ለመስቀል የተቀባ የሲሚንቶ መሄጃ ጥምቀት ሳይደርስ ማበጥ ሊጀምር ይችላል። ያበጠውን በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ቀለሙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተላጦ ይነሳል፤ ከሥሩ እርጥበትና ነጭ ዱቄት ይታያል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቀቢው ይላከካል። ቀለሙን የገፋው ግን ከታች የመጣ ውሃ ነው።

ኮንክሪት ድፍን ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። የሶርን ወንዝ የሚሞላው ዝናብ በኢሉባቦር ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አፈሩ ለወራት እንደረጠበ ይቆያል። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው በኮንክሪቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲያልፍም ከሲሚንቶው ኖራ እያሟሟ ይወስዳል። ላይ ደርሶ ሲተን ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መውጫውን ቀለም ከዘጋበት፣ ቀለሙን ገፍቶ ይነሳል። የዘይት ቀለም ሌላም ጣጣ አለው፤ የአዲስ ሲሚንቶ ፒኤች ከ12 በላይ ስለሆነ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። አዲስ ሥራ 28 ቀን ሳይሞላው መቀባት የለበትም የሚባለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ላስቲክ መሬቱ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ማሳደር በቂ ነው። ጠዋት ከሥሩ ላብ ከታየ ገና ነው።

በዚህ አገር የሚረገጠውንና ዝናብ የሚወርድበትን ሲሚንቶ ከመቀባት ቀለሙን ከውስጥ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። ለዚህ የሚሆነው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ የኢሉባቦርን አፈር ያቀላውም ይኸው የብረት ኦክሳይድ ነው። ፀሐይም ኖራም አያደበዝዘውም። አፈሩን ራሱን ግን ሞርታር ውስጥ አይጨምሩ፤ ጭቃው ያላላዋል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 2.5 ኪሎ ዱቄት ይበቃል፤ ከ5 ኪሎ ማለፍ ጥንካሬውን ይቀንሳል። መለኪያው ሚዛን ይሁን፤ በጣሳ ግምት ከሆነ አንዱ ቡኮ ከሌላው ይለያል። ውሃውም እኩል መሆን አለበት፤ የበዛበት ቡኮ ይገረጣል። በተራው ግራጫ ሲሚንቶ ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር ያምራሉ፤ ቢጫ ይደፈርሳል። ነባሩ መሄጃ ካልተሰነጠቀ ፊቱን አሻክሮ፣ አጥቦና አርጥቦ፣ ባለቀለሙን ሞርታር ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አልብሶ፣ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት ነው።

ግድግዳ ይቀባል። እርጥበት የሚያስወጣ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የውጭ ቀለም ይመረጥ። ከጣራ የሚወርደው ውሃ ቀይ አፈር የሚረጭበትን የታችኛውን ክፍል ጥቁር ቡናማ ማድረግ ብልህነት ነው። አሸንዳ ማሰር ደግሞ ከማንኛውም ቀለም ይቀድማል።

በዛፍ ጥላ ሥር የሚጠቁረውና አረንጓዴ የሚሆነው ሲሚንቶ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ተለውጦ አይደለም፤ አልጌ ይዞት ነው። በውሃ በቀጠነ በረኪና አርሶ፣ በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ይበቃዋል። በረኪናን ከአሲድ ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ለበዓል የቸኮለ ሰው ከክፈፉ ሥር ያለውን ደረቅ ግድግዳ ያስቀባ። የመሄጃው ሥራ ታኅሣሥንና ጥርን ይጠብቅ።