የበርበሬ ቀይ ቀለም ለጤናም ለገበያም

የበርበሬ ነጋዴ ከረጢቱን ሲያስፈታ አስቀድሞ የሚያየው የዛላውን መልክ ነው። ደማቁ ቶሎ ይነሳል፤ የደበዘዘው በዋጋ ይወርዳል። ለመሆኑ ይህ ቀለም ምንድን ነው?

ለበርበሬ ቅላቱን በዋነኛነት የሚሰጠው ካፕሳንቲን የተባለ የካሮቲኖይድ ዓይነት ነው። ቃሪያው ሲበስል አረንጓዴው ይጠፋና ይህ ቀለም ይከማቻል። የሚያቃጥለው ግን ካፕሳይሲን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሆነ በጣም የቀላ ሁሉ በጣም ያቃጥላል ማለት አይደለም።

ካፕሳንቲን ራሱ በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ አይለወጥም። አብረውት ያሉት ቤታ ካሮቲንና ቤታ ክሪፕቶዛንቲን ግን ይለወጣሉ። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። እነዚህ ቀለሞች የሚሟሙት በውኃ ሳይሆን በቅባት ነው። በወጥ ላይ ቀይ ዘይት ሰፍሮ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሰውነትም በተሻለ ሁኔታ የሚወስዳቸው ከዘይት ወይም ከቅቤ ጋር ሲበሉ ነው። ሆኖም በርበሬን «በሽታ ይፈውሳል» እያሉ መሸጥ ከማስረጃው በላይ መሄድ ይሆናል።

ቀለሙ ለብቻው ተጨምቆም ይሸጣል። በአውሮፓ ኢ160ሲ በሚል መለያ የሚታወቀው ይህ ጭማቂ ለቋሊማ፣ ለአይብና ለስጎ ማቅለሚያ ይውላል። የእንቁላል አስኳል እንዲቀላም ከዶሮ መኖ ጋር ይደባለቃል። ከአገራችን ዝርያዎች ማረቆ ፋና የሚፈለገው በጠቆር ያለ ቅላቱ ነው።

ቀለም ገንዘብ በመሆኑ ማጭበርበርም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአውሮፓ ኅብረት ሱዳን አንድ የተባለ የኢንዱስትሪ ማቅለሚያ በሚጥሚጣና በመሰል ዱቄት ውስጥ በመገኘቱ ጥብቅ የምርመራ ግዴታ አወጣ። በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ አንድ የተበከለ የበርበሬ ዱቄት ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶችን ከመደብር አስነስቷል። በአገራችንም የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ መያዙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር የሚከስረው አጭበርባሪው ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ዕቃ የያዘውም ገዢ ይሸሸዋል።

ስለዚህ ዛላው ሳይደርቅ አይከዘን። እርጥበት ሻጋታን፣ ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመጣል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛሉ። ዛላ ከዱቄት ይልቅ ቀለሙን ስለሚይዝ ገዢ ሳይገኝ አስቀድሞ ማስፈጨት አይመከርም። ገዢም ቢሆን ዱቄት ከሚያነሳ ዛላውን አይቶ ቢያስፈጭ ከጥርጣሬ ይድናል።