የቤተ ጊዮርጊስ አምሳል በኮምፒውተር፦ የሚወራውና እውነቱ

በሳኒቬል፣ በሳን ሆዜና በኦክላንድ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጨዋታም ሆነ ከስልክ ወደ ስልክ በሚተላለፈው መልእክት፣ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ወሬዎች እንደ ተረጋገጠ ነገር ተይዘው ሲነገሩ እሰማለሁ። አንደኛው፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸውን እያዞረ የሚያሳየው የኮምፒውተር ምስል ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከልቡ አንቅቶ የፈጠረው ነው፣ ስለዚህም አንዱንም ማመን አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ስለ ገባ ከእንግዲህ ዝናም ቢሸረሽረው ዓለቱም ቢሰነጠቅ ቅጂው በእጃችን ነውና አያሳስብም የሚል ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ጉዳትም ያመጣል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚያ አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚጠበቁት በሚያስብላቸው ሰው እጅ ነውና፣ ሐሳቡን የጣለ ሰው እጁንም ይሰበስባል።

መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ኮምፒውተር ሥዕል የሚሥለው አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ገጽ ወደ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቀለም በመቀባት ነው። ከሳኒቬል ጥቂት ማይል ርቆ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ማርክ ሌቮይ በ1998ና በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር ወደ ፍሎረንስ ተሻግረው የሚኬላንጄሎን የዳዊት ሐውልት በሌዘር ጨረር ለኩት፤ የተገኘውም አምሳል ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን ገጾች ነበሩት። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎችም በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር መሪነት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የለኩት በዚሁ በሌዘሩ መንገድ ነው። ወደዚህ ልኬት ኋላ እመለሳለሁ።

ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ዓይነት አምሳል ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ፣ ከተራ ፎቶግራፎች ብቻ ነው። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት የደከሙበትን ጉዳይ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ለሁሉ ግልጽ አድርገው አሳዩት፤ ይኸውም መንገደኞች በየራሳቸው ያነሷቸውን 150,000 ያህል የሮማ ከተማ ፎቶግራፎች ሰብስበው፣ እያንዳንዱ ከየት ቆሞ እንደ ተነሣ ኮምፒውተሩ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዲያገኘው አደረጉ። በ2020 ከኦክላንድ አጠገብ ባለው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በጉግልና በሳን ዲዬጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ኔርፍ የተባለውን ስልት አወጡ። በ2023 ደግሞ በርንሃርት ኬርብልና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ኢንሪያ ከተባለው ተቋምና በጀርመን ከማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ሆነው ጋውሲያን ስፕላቲንግ የተባለውን አቀረቡ፤ እነሆ አሁን ብዙው ሰው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የወሬው ሁሉ ምንጭ የዚህን ስልት አሠራር አለማወቅ ስለሆነ፣ አንባቢ በትዕግሥት ይከተለኝ፤ በዚህ ላይ እቆያለሁ።

ጋውሲያን የሚለው ስም የመጣው ከጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ከካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነው፤ ስሙ የተሰጠውም በመካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ ለሚወርደው የታወቀ ኩርባ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከጽናው የሚወጣው የዕጣን ጢስ በመስኮት በገባው ብርሃን ውስጥ በመካከሉ ወፍራም፣ ወደ ዳሩ ግን የት እንዳበቃ የማይለይ ሆኖ እንደሚታይ፣ ከዚያ ጢስ አንዲቱን ቁራጭ በሐሳባችን ለይተን ቀለም ብንሰጣት አንድ ጋውሲያን አገኘን ማለት ነው። አምሳሉ የሚሠራው በጠፈር ውስጥ ከተበተኑ በብዙ መቶ ሺሕ ወይም በሚሊዮን ከሚቈጠሩ እንዲህ ካሉ ጥቃቅን ደመናዎች ነው። እያንዳንዱ ደመና በ59 ቍጥሮች ይገለጻል፦ ሦስቱ ያለበትን ቦታ፣ ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ ያለውን ስፋት፣ አራቱ ወዴት እንደ ተጋደመ፣ አንዱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚከለክል ይናገራሉ፤ የቀሩት 48 ለቀለሙ ናቸው። ለቀለም ይህን ያህል ቍጥር ማስፈለጉ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የነሐስ መስቀል ከፊት ሲያዩት ያበራል፣ ከጎን ሲያዩት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ደመናው አንድ ቀለም ብቻ ቢኖረው ይህን የብርሃን መለዋወጥ ሊያሳይ አይችልም ነበር። እያንዳንዱ ቍጥር አራት ባይት ቢይዝ አንዱ ደመና 236 ባይት ይሆናል፤ አንድ ሚሊዮን ደመናም 236 ሚሊዮን ባይት፤ ይህን ደግሞ የዛሬ ስልክ ያለ ችግር ይሸከመዋል።

ከእነዚህ ደመናዎች ሥዕል እንዴት እንደሚገኝ ለማወቅ፣ ከካሜራው ዓይን ወደ ሕንፃው የሚዘረጋውን አንድ የማየት መሥመር እንከተል። ኮምፒውተሩ በመሥመሩ ላይ ያሉትን ደመናዎች ከቅርቡ ወደ ሩቁ በተራ ያሰልፋቸዋል። የመጀመሪያው 60 በመቶ የሚከለክል ቢሆን ከነጥቡ ቀለም 60ውን እጅ እርሱ ይሰጣል፤ ለኋለኞቹ የሚተርፈው 40 ነው። ሁለተኛው 50 በመቶ የሚከለክል ቢሆን ከተረፈው 40 ግማሹን፣ ማለት 20ውን ይወስዳል፤ ሦስተኛውም ከቀረው 20 ድርሻውን ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ የሚተርፍ እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል። ይህ ስሌት አዲስ አይደለም፤ ሌቮይ ራሳቸው በ1988 የሐኪም መሣሪያ የሚያነሣውን የሰውነት ውስጥ ምስል ለማሳየት ከዚሁ ዘር የሆነ ስሌት ጽፈዋል። የጠለቀው ምሥጢር ያለው ደመናዎቹ የት ቦታ፣ በምን መጠን፣ በምን ቀለም መቀመጥ እንዳለባቸው በሚወሰንበት ሥራ ላይ ነው።

ይህን ውሳኔ ከፎቶግራፎቹ በቀር የሚሰጥ የለም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ደመናዎቹን በግምት ይበትናል፤ ከዚያ ከፎቶግራፎቹ አንዱን ይመርጥና ያ ፎቶግራፍ ከተነሣበት ስፍራ ሆኖ የራሱን ሥዕል ይሥላል፤ የራሱንና የካሜራውን ነጥብ በነጥብ ያስተያያል። በመጀመሪያው ዙር ልዩነቱ እጅግ ብዙ ነው። እንግዲህ ለያንዳንዱ ቍጥር አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ አንተን በጥቂቱ ከፍ ባደርግህ ልዩነቱ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? መልሱ በሒሳብ ይገኛል፤ ቍጥሩም ልዩነቱ ወደሚቀንስበት ወገን በጥቂቱ ይገፋል። ከዚያ ሌላ ፎቶግራፍ ተመርጦ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል፤ ይህም በተለመደው አሠራር እስከ 30,000 ዙር ይደጋገማል። ልዩነቱ አልቀንስ ባለበት ስፍራ አንዱ ደመና ለሁለት ይከፈላል፤ ምንም የማይከለክል ሆኖ የተገኘው ደግሞ ይወገዳል።

የደመናው ዳር መደብዘዙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የሚያብራራ ሰው ጥቂት ስለሆነ አጥብቄ እናገረዋለሁ። የሦስት ማዕዘን ዳር ቁርጥ ያለ ነው፤ የሥዕሉ ነጥብ ወይ በውስጡ ነው ወይ ከውጭው ነው፤ ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑን በጥቂቱ ብንገፋው ብዙ ጊዜ ምንም የሚለወጥ የለም፣ ድንገት ደግሞ ሁሉ ይለወጣል፤ ወዴት መግፋት እንደሚሻል የሚመክር ምልክት አይገኝም። የደመናው ዳር ግን ቀስ በቀስ የሚሳሳ በመሆኑ ትንሹ ግፊት ሁሉ ትንሽ ለውጥ ያመጣል፤ ትንሹም ለውጥ ለሚቀጥለው ግፊት መሪ ይሆናል። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ደመናዎች፣ አንድም ሰው በእጁ ሳይነካቸው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተስማምተው የቤተ ጊዮርጊስን የመስቀል ቅርጽ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። በዚህ ስልት በተሠራ አምሳል ውስጥ ያለ ቀለም ሁሉ ለፎቶግራፍ ተጠያቂ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሌላ ሕንፃ የተማረው፣ ከሌላ አገር ያመጣው ነገር የለም። አንድ ሰው በጽሑፍ አዝዞ የሚያሠራው ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ብዙ ሚሊዮን ሥዕል አይቶ የሚመስለውን የሚሠራ ስለሆነ፣ ላሊበላን ሣል ሲሉት የመስኮቱን ቍጥር ቢያበዛ ወይም ቢያሳንስ ማንም ሊደነቅ አይገባም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሰውን ያሳስታል።

ሁለተኛውን ወሬ በሚመለከት ግን እኔም በዚህ ሙያ የምሠራ ስለሆንሁ ነገሩን በጥንቃቄ ከፍዬ ልናገር፤ በሙያችን ውስጥ ክርክር አለና። ደመናዎቹ የተማሩት ፎቶግራፉን እንዲመስሉ ነው፤ የድንጋዩን ገጽ እንዲይዙ ማንም አላዘዛቸውም። ግድግዳው ከጥቂት አቅጣጫ ብቻ ከተነሣ፣ ደመናው ከእውነተኛው ገጽ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢቀመጥም ሥዕሉ ያው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ስንጥቅም ጥልቀቱ ሳይታወቅ ጠፍጣፋ ጥቁር መሥመር ሆኖ ሊቀባ ይችላል። በ2024 የወጣው አንደኛው ማሻሻያ ደመናዎቹን እንደ ስስ ገበታ አሳስቶ ከገጹ ጋር እንዲጣበቁ ያደርጋል፤ ውጤቱም ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ለልኬት ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ለአዲስ ሕንፃ ቢበቃም፣ የስንጥቁን መስፋት በሚሊሜትር ለሚከታተል የቅርስ ጠባቂ ገና አይበቃም እላለሁ።

የመጠንም ነገር አለ። በፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ አምሳል፣ ቁመቱ ከአሥር ሜትር በላይ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ አሥር ሜትር ይሁን አሥር ሴንቲሜትር አይለይም፤ ሕንፃውም የካሜራው መንገድም በአንድነት ቢያንሱ ፎቶግራፎቹ ያው ናቸውና። ከ2020 ወዲህ አንዳንድ ስልኮች ርቀትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ችግሩ ይቀላል፤ ነገር ግን ያ መሣሪያ ለጥቂት ሜትር ርቀት የተሠራ ነው። ብርሃኑም እንደዚሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሕንፃው ባለበት ጕድጓድ ግድግዳ ያረፈው ጥላ በአምሳሉ ውስጥ እንደ ድንጋዩ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ካሜራ ያልደረሰበት ስፍራ ደግሞ ባዶ ወይም ጉም ነው። ወደ መቅደሱ ከካህናት በቀር የሚገባ የለም፤ ስለዚህ በአምሳሉ ውስጥ መቅደስ የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

የሚያሰጋኝ የቅርብ ጊዜው ምርምር በትክክል ይህን ባዶ ስፍራ ለመሙላት መነሣቱ ነው። ጉግል በ2024 ያቀረበው ካት ስሪዲ የተባለው ስልት ከአንድ ፎቶግራፍ እንኳ ተነሥቶ፣ ያልታዩትን አቅጣጫዎች በግምት ፈጥሮ ሙሉ አምሳል ይሠራል። ለሽያጭ ለሚቀርብ ወንበር ወይም ለጨዋታ ይህ ድንቅ ነው፤ ሠሪዎቹም የሚሞላው ነገር ግምት መሆኑን አልደበቁም። ነገር ግን ሁለቱ ስልቶች በአንድ መሣሪያ ሲቀላቀሉ፣ የታየውና የተገመተው በአንድ ዓይነት ቀለም ስለሚቀርቡ ተመልካች የሚለይበት ምልክት የለውም። የመጀመሪያው ወሬ ዛሬ ሐሰት ቢሆንም፣ ይህ ቅልቅል ካልተለየ ነገ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው የዛማኒን ዓይነት የሌዘር ልኬት ያረጀ ነገር አድርጎ መናቅ የማይገባው። ሌዘሩ የብርሃን ውበት አያሳይም፤ ርቀትን ግን በቀጥታ ይለካል፤ ዛሬ የተለካው ግድግዳ ከዓመታት በኋላ ዳግም ሲለካ ምን ያህል እንደ ተሸረሸረ ይታወቃል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ የተዘረጋው መከላከያ ጣራ ይነሣ ይቆይ በሚለው ክርክር ላይ የሚረዳው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው።

ለገና ወደ ላሊበላ የምትጓዙ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከካህናቱ ፈቃድ ያገኛችሁ ሰዎች ግን ብዙ መርዳት ትችላላችሁ። እየተራመዳችሁ አንሡ እንጂ አንድ ቦታ ቆማችሁ አትዙሩ፤ የሚቀጥለው ፎቶግራፍ ካለፈው ቢያንስ ግማሹን ደግሞ እንዲያሳይ አድርጉ፤ የካሜራው የብርሃን መጠን በየጊዜው እንዳይለዋወጥ ቆልፉት፤ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ከግድግዳው ሥር አጋድሙ። ከሁሉ በላይ የተሠራውን አምሳል ብቻ ይዛችሁ ዋነኞቹን ፎቶግራፎች አትጣሉ፤ በ2017 ታንክስ ኤንድ ቴምፕልስ በሚል ስም ለስልቶች ማወዳደሪያ የተዘጋጁት ምስሎች፣ በተነሡበት ጊዜ ያልነበረው ጋውሲያን ስፕላቲንግ በ2023 ሲፈተን አገልግለዋል። ከፎቶግራፎቹም ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዘንጉን ርዝመትና ካሜራው ያልገባባቸውን ክፍሎች ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ።