የጀልባ ሸራ እንዴት ይታሰራል?

በአረቅጥና በአካባቢው ገመድ የማያውቅ ሰው የለም። የእንሰት ቃጫ ከብት ይታሰርበታል፤ ሸክም ይጠፈርበታል። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት እስር እንጽፍላችኋለን። አንዳንዶቻችሁ «ጀልባ ያለ ሞተር በነፋስ እንዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናልና።

የጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ሸራ የለውም። ሰው እየቀዘፈ ይነዳዋል። በቀይ ባሕር ግን ሳምቡክ የሚባሉ የእንጨት ጀልባዎች ለብዙ ዘመን በሸራ ሲሄዱ ኖረዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከመሆኗ በፊት የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው በምጽዋ ሳምቡክ የታወቀ ነበር።

ሸራ ነፋስ የሚይዝ ሰፊ ጨርቅ ነው። በጀልባው ላይ ምሰሶ ይቆማል። ሸራው ግን የሚታሰረው በሌላ ረጅም እንጨት ላይ ነው። ይህ እንጨት ሸራውን ይዞ በገመድ ተስቦ ወደ ምሰሶው ይወጣል። የሳምቡክ እንጨት በጣም ረጅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት እንጨት ተቀጣጥሎ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. እንጨቱ ይጋደማል። ሸራው በጎኑ ይዘረጋል።

2. የሸራው የፊት ጫፍ ከእንጨቱ ጋር ጠብቆ ይታሰራል።

3. የኋላው ጫፍ ተጎትቶ ይታሰራል። ጨርቁ መጨማደድ የለበትም። እንደ ከበሮ ቆዳም መወጠር የለበትም።

4. በሸራው ጠርዝ ቀዳዳዎች አሉ። ገመዱ በየቀዳዳው እያለፈ በእንጨቱ ላይ ይዞራል። በየዙሩም ይቋጠራል።

በየዙሩ መቋጠሩ ለምንድን ነው? ገመዱ ዝም ብሎ ከተጠመጠመ፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይፈታል። በየዙሩ ከተቋጠረ ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

እስሮቹ እኩል ይጥበቁ። አንዱ ላልቶ አንዱ ከጠበቀ፣ የነፋሱ ጉልበት ሁሉ በጠበቀው ላይ ያርፋል። ቀዳዳው ይቀደዳል። ቀጥሎ ያለውም ይከተላል። ሸራው ሲቀደድ ሰዎቹ ባሕር ላይ ይቀራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ከተክል የተሠራ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይወፍራል፤ ያጥራልም። ሲደርቅ መልሶ ይላላል። ስለዚህ ጥሩ መርከበኛ እስሩን ሳይዳስስ ጉዞ አይጀምርም።

ለመሆኑ የመርከብ ገመድ ከምን ይሠራ ነበር? በሩቅ ምሥራቅ በምትገኘው በፊሊፒንስ አባካ የሚባል ተክል ይበቅላል። አባካ የእንሰትና የሙዝ ዘመድ ነው። ጭረቱም እንደ ቃጫ እየተፋቀ ይወጣል። ገመዱ በዋና ከተማዋ ስም «የማኒላ ገመድ» ይባላል። የጨው ውሃ ቶሎ ስለማያበሰብሰው የዓለም መርከቦች ብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። ዛሬ አብዛኞቹ በናይለንና በመሳሰለው ገመድ ይሠራሉ። እንግዲህ ባሕር የተሻገረው ገመድ ለእኛ ቃጫ ባዳ አይደለም ማለት ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። አንድ ዱላ፣ አንድ አሮጌ ጆንያና የቃጫ ገመድ ያዙ። የጆንያውን ጠርዝ በየዙሩ እየቋጠራችሁ ከዱላው ጋር እሰሩ። ከዚያ አንዱን ዙር በቢላዋ ቁረጡና ጆንያውን ሳቡት። ሌሎቹ ከያዙ፣ እስራችሁ ጥሩ ነው።

ጥያቄዎች

1. የጣና ታንኳና ሳምቡክ በምን ይለያያሉ?

2. ገመዱ በየዙሩ የሚቋጠረው ለምንድን ነው?

3. በቤታችሁ ዝናብ ሲመታው የሚጠብቅ ምን እስር አለ? ጽፋችሁ አምጡ።