የብር ጌጥ የጥራት ደረጃ

በአማርኛ «ብር» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ከመሬት የሚወጣው ነጭ ማዕድን ሲሆን፣ ሁለተኛው የምንገበያይበት ገንዘብ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀደም ባለው ዘመን ገንዘቡ ራሱ ከብር ማዕድን የተሠራ ነበርና። በዚህም የተነሣ አምባር፣ አልቦ፣ ድሪና መስቀል ለውበት ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የሚቀመጡ ሀብቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ክፉ ቀን መጥቶ ጌጡ ለገበያ ሲቀርብ «በውስጡ ምን ያህል ብር አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ንብረቱን በርካሽ ይሰጣል፤ የማያውቅ ገዥም መዳብን በብር ዋጋ ይገዛል።

ለመሆኑ ጌጥ ከንጥር ብር ብቻ የማይሠራው ለምንድን ነው? ንጥር ብር እጅግ ለስላሳ ነው። ከእርሱ ብቻ የተሠራ ቀለበት በቀላሉ ይጣመማል፤ ቶሎም ይጫጫራል። ስለዚህ አንጥረኛው ብሩን በእሳት አቅልጦ ጥቂት መዳብ ይጨምርበታል፤ መዳቡም ብሩን ያጠነክረዋል። እንግዲህ መዳብ መጨመሩ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው መጠኑ ሲደበቅ ነው።

የቅይጡ መጠን የሚነገረው ከሺህ እጅ ስንት እጁ ብር እንደሆነ በማመልከት ነው። 999 የሚል ምልክት ያለበት ንጥር ብር ነው። 925 የሚል ያለበት ከሺህ እጅ 925ቱ ብር፣ የቀረው 75 እጅ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ይህ ደረጃ «ስተርሊንግ» ይባላል፤ በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1300 በወጣ ሕግ ተደንግጓል። ከዚህ ዝቅ ያሉ 900፣ 835 እና 800 የሚባሉ ደረጃዎችም አሉ። እያንዳንዳቸው 40 ግራም የሚመዝኑ ሁለት አምባሮች ቢኖሩና አንዱ 925፣ ሌላው 800 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ውስጥ 37 ግራም፣ በሁለተኛው ውስጥ 32 ግራም ንጥር ብር ይገኛል። ለዓይን ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ለጌጥ መሥሪያ ያገለገለው የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ሲታተም ኖሯል። ደረጃው 833 ያህል ነው፤ ይኸውም ከ28 ግራም ጥቂት ከፍ ከሚለው ክብደቱ 23.4 ግራም ያህሉ ንጥር ብር ነው። በፓሪስ የታተመው የ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ብርም ደረጃው 835 ነበር። ስለዚህ ከሁለት ጠገራ የተሠራ መስቀል፣ ሌላ ነገር ካልተቀላቀለበትና በሥራው ካልባከነ፣ 46.8 ግራም ያህል ንጥር ብር ይኖረዋል። የ925 ምልክት ባይኖርበትም ዋጋ ያለው ሀብት ነው።

የብርን ጥራት ለማወቅ በመጀመሪያ ምልክቱ ይፈለጋል። ምልክቱ በቀለበት ውስጠኛ ገጽ ወይም በሐብል መቆለፊያ ላይ ይገኛል። ሆኖም ምልክት ሊጭበረበር ስለሚችል ሌላ ፈተና ያስፈልጋል። ማግኔት ብርን አይስብም፤ ነገር ግን መዳብንም ስለማይስብ፣ ማግኔት አልሳበውም ብሎ ጌጡን ብር ነው ማለት አይቻልም። «የጀርመን ብር» የሚባለውም ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የሚሠራ ሲሆን፣ ስሙ ብር ቢሆንም ብር የለበትም። የጌጡ መጥቆርም ሐሰተኛነቱን አያሳይም፤ እውነተኛ ብር በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራልና።

የተሻለው ዘዴ ክብደትን ከይዘት ጋር ማነጻጸር ነው። 52 ግራም የሚመዝን የ925 አምባር ውኃ በያዘ መለኪያ ውስጥ ሲጠልቅ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ከፍ ያደርጋል። ያው ክብደት ያለው የመዳብ አምባር ግን 5.8 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ ጥንቃቄ ያሻል፤ ውስጡ ክፍት ለሆነ ወይም ፈርጥ ላለበት ጌጥም ይህ ዘዴ አያገለግልም። እንዲህ ያለው ጌጥ በጥቁር መፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ወደሚፈትን ባለሙያ መወሰድ አለበት።

«አንጥረኛ» የሚለው ስም የመጣው «አነጠረ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙ ማዕድንን በእሳት አጥርቶ ከጉድፍ የሚለይ ማለት ነው። ታማኝ አንጥረኛ የቀላቀለውን አይደብቅም፤ አስተዋይ ገዥም ሚዛኑንና ደረጃውን ሳይጠይቅ ዋጋ አይቆርጥም። ሁለቱ እንዲህ ሲገናኙ ከእናት ለልጅ የሚተላለፈው ጌጥ በክፉ ቀን ባለቤቱን አያሳፍርም።