ትናንሽ መርከቦችና የመጠን ሕግ

የመርከብ ሞዴል ሥራ አንድን እውነተኛ መርከብ ቅርጹን ሳይለቅ በተወሰነ ልክ አሳንሶ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከካርቶን መገንባትና ቀለም መቀባት ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ ይመለከተዋል። እኛ ግን ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ቤተ ሙከራ ማግኘት ያስቸግራል እንላለን። ሞዴል ሠሪው የመርከቡን ርዝመት በ350 ሲያካፍል ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ በሞገድ ላይ የሚዋዥቅበት ጊዜና የቀለሙ መልክ አብረው በ350 አይካፈሉም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሕጎች፣ ሕጎቹ ሳይታወቁ በቀሩበት ዘመን የደረሰውን ጥፋትም ጭምር፣ ለማብራራት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኬል የሚለውን ቃል አንባቢ ከካርታ ያውቀዋል። 1:350 ሲባል በሞዴሉ ላይ ያለ አንድ ሴንቲሜትር በእውነተኛው መርከብ ላይ 350 ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። በሳጥን ታሽገው ከሚሸጡት የፕላስቲክ መርከቦች ብዙዎቹ 1:350 ወይም 1:700 ናቸው። የኋለኛው ስኬል የተስፋፋው በ1971 በጃፓን የሺዙኦካ አምራቾች የሆኑት ታሚያ፣ ሐሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ ተስማምተው ከውኃ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ የሚያሳዩ መርከቦች ማውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ከሥር ጠፍጣፋ ስለሆኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ባሕር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ችግሩ የሚጀምረው ሙሉ ቀፎ ያለውን ሞዴል ውኃ ላይ እናንሳፍ ስንል ነው።

ታይታኒክን እንውሰድ። ርዝመቷ 269 ሜትር፣ የምታፈናቅለው ውኃ ክብደትም 52,000 ቶን ያህል ነበር። በ1:350 ርዝመቷ 77 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክብደቷስ? ይዘት በርዝመትም፣ በወርድም፣ በከፍታም ስለሚያንስ ክብደቱ የሚካፈለው ለ350 ሣልስ ርቢ፣ ማለትም ለ42,875,000 ነው። ውጤቱ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ሞዴሉ በትክክለኛው የውኃ መስመር ላይ የሚንሳፈፈው ጠቅላላ ክብደቱ ይህን ያህል ሲሆን ብቻ ነው። በ1:700 ደግሞ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ወርዶ 150 ግራም ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ክብደቱን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። የእውነተኛው መርከብ የብረት ግድግዳ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢኖረው በ1:350 ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ከወረቀት የቀጠነ መሆን ይኖርበታል። የፕላስቲክ ሞዴል ግድግዳ ግን 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህም በእውነተኛው መርከብ ላይ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ማለት ነው። በታይታኒክ ሆድ ውስጥ ከታች ከባባድ ማሞቂያዎችና ሞተሮች ነበሩ፤ ሞዴሉ ግን ሆዱ ባዶ ነው፤ ላዩ ደግሞ ከልክ በላይ በወፈሩ ጭስ ማውጫዎችና ክፍሎች የተሞላ ነው። የስበት ማዕከሉ ወደ ላይ ስለሚወጣም ሳፋ ውስጥ ያስቀመጡት ጊዜ ጎኑን ሰጥቶ ይተኛል። ሞዴል ሠሪዎች ከቀፎው ወለል ላይ የእርሳስ ቁርጥራጭ የሚያጣብቁት በዚህ ምክንያት ነው። የፕላስቲክ ሞዴል በአገራችን ገበያ በቀላሉ ስለማይገኝ ሙከራውን ማድረግ የሚፈልግ ተማሪ ቀፎውን ከካርቶን ሠርቶ ሰም ቢቀባው፣ ጭነቱንም አንድ ጊዜ ከታች አንድ ጊዜ ከላይ እያስቀመጠ ቢመለከት ጉዳዩ ግልጽ ይሆንለታል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የመርከብ አናጢዎች ይህን በስሌት የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት ቫሳ የተባለችው የጦር መርከብ ሁለት የመድፍ ወለሎችና 64 መድፎች ነበሯት። ከጉዞዋ በፊት 30 ሰዎች በመርከቧ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ መረጋጋቷ ተፈተነ። ሦስት ጊዜ እንደተመላለሱ መዋዠቋ እጅግ ስለበረታ ፈተናው እንዲቆም ተደረገ። መርከቧ ግን ጉዞዋን አልተወችም። ነሐሴ 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነሥታ 1,300 ሜትር ያህል እንደተጓዘች ቀላል ነፋስ ገፋት፤ ውኃ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገብቶ ሰመጠች፤ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎችም አለቁ። በ1961 ከባሕር ወለል ወጥታ ዛሬ በስቶክሆልም በራሷ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች፤ ከአጠገቧም በ1:10 የተሠራ ባለ ቀለም ሞዴል ቆሟል። ቀድሞ የመርከቧ ጌጥ ሰማያዊና ወርቅማ ነበር ተብሎ ይገመት ነበር። በ1990ዎቹ በእንጨቱ ላይ የቀሩት የቀለም ቅንጣቶች ተመርምረው ግን መደቡ ቀይ እንደነበር ታወቀ።

ቫሳ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ናት። ባለ ሸራውን ሞዴል ውኃ ላይ ለሚያወጣ ሰው ግን ሌላ የመጠን ሕግ ይጠብቀዋል። ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይል የሸራውን ስፋት ተከትሎ በዳግም ርቢ ይቀንሳል፤ መርከቡን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ክብደት ግን በሣልስ ርቢ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ነፋስ ሲነፍስ ትንሿ መርከብ ከትልቋ ይልቅ በቀላሉ ትገለበጣለች። ሁለቱ እኩል እንዲያዘነብሉ የነፋሱ ፍጥነት በስኬሉ ቁጥር ዳግም ዘር መካፈል አለበት። በ1:72 ለተሠራ ሞዴል በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ በእውነተኛው መርከብ ላይ በሴኮንድ 34 ሜትር እንደሚነፍስ ማዕበል ነው። ቅርጹ እጅግ ትክክል የሆነው ሞዴል ቫሳ ከሰመጠችበት ነፋስ ባነሰ እስትንፋስ ቢገለበጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

ይኸው ዳግም ዘር በፍጥነት ላይም ይመጣል። ታይታኒክ በመደበኛ ጉዞዋ በ21 ኖት፣ ማለትም በሴኮንድ 10.8 ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ይህን በ350 ብናካፍል ሞዴሉ በሴኮንድ 3 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት ልንል ነው። በዚህ ፍጥነት ቢጎተት ግን ከኋላው አንድም ሞገድ አይከተለውም፤ በውኃ ገጽ ላይ በሴኮንድ ከ23 ሴንቲሜትር በታች የሚጓዝ ሞገድ የለምና። ትክክለኛው ፍጥነት 10.8ን በ350 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ18.7 በማካፈል የሚገኘው 58 ሴንቲሜትር በሴኮንድ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጥልቅ ውኃ ላይ የሞገድ ፍጥነት ከሞገዱ ርዝመት ዳግም ዘር ጋር ይመጣጠናል። በ10.8 ሜትር በሴኮንድ ከመርከቧ ጋር የሚጓዘው ሞገድ 75 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ58 ሴንቲሜትር በሴኮንድ የሚጓዘው ደግሞ 21 ሴንቲሜትር ነው፤ 75 ሜትር በ350 ሲካፈልም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሞገዶቹ በትልቋ መርከብ ጎን ላይ የሚያርፉበት ቦታ በትንሿም ላይ አይለወጥም።

ይህን በሥራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ ነው። በ1867 በዳርት ወንዝ ላይ «ስዋን» እና «ሬቨን» የሚል ስም የሰጣቸውን ሁለት የቀፎ ቅርጾች፣ እያንዳንዱን በ3፣ በ6 እና በ12 ጫማ ርዝመት ሠርቶ ጎተታቸው። የ12 ጫማው ሞዴል በ3 ጫማው እጥፍ ፍጥነት ሲሄድ የሞገዱ ሥዕል አንድ ሆኖ ተገኘ፤ 4 ዳግም ዘሩ 2 ነውና። ሌላም ነገር አየ። አፍንጫዋ የሾለው ሬቨን በዝግታ ስትሄድ ትሻላለች፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ዱልዱሟ ስዋን ትበልጣታለች። ለሁሉም ፍጥነት የሚሆን አንድ ፍጹም ቅርጽ አለ የሚለው የዘመኑ እምነት በሁለት ትናንሽ ሞዴሎች ፈረሰ ማለት ይቻላል።

ሁሉም ወዲያው አላመነውም። እንደ ጆን ስኮት ረስል ያሉ ስመ ጥር የመርከብ መሐንዲሶች በትንሽ ሞዴል የተገኘ ውጤት ለትልቅ መርከብ አያገለግልም ባዮች ነበሩ። ጥርጣሬያቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። የውኃ ሰበቃ የሞገዱን ሕግ ስለማይከተል በትንሽ ሞዴል ላይ ከድርሻው በላይ ይከብዳል። የፍሩድ ብልሃት ሁለቱን መነጣጠል ነበር። በ1872 በቶርኪ በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ሥራ በጀመረው 85 ሜትር ገደማ በሚረዝመው የውኃ ገንዳው ውስጥ ቀጫጭን ሳንቃዎችን በቫርኒሽ፣ በጨርቅና በአሸዋ እየሸፈነ ጎትቶ የሰበቃውን ኃይል ለብቻው ለካ። ከፓራፊን ሰም የተሠራውን ሞዴል ሲጎትት ሰበቃውን ይቀንሳል፤ የቀረውን የሞገድ ኃይል በሣልስ ርቢ ያሳድጋል፤ ከዚያም የትልቋን መርከብ ሰበቃ ይጨምርበታል። ቀደም ብሎ በ1871 «ግሬይሃውንድ» የተባለችው የጦር መርከብ በሌላ መርከብ ተጎትታ የገመዱ ኃይል ተለክቶ ነበርና ከሞዴሉ ጋር ሲነጻጸር ስሌቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዛሬም አዳዲስ መርከቦች በተመሳሳይ ገንዳዎች ይፈተናሉ፤ የፍጥነትና የርዝመት ዝምድናውም የፍሩድ ቁጥር ይባላል።

የፊልም ሠሪዎች ይህን ሕግ ያውቁታል። ጊዜም በዳግም ዘር ስለሚያጥር ትንሽ መርከብ ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል። በ1:16 የተሠራውን በሴኮንድ 24 ሳይሆን 96 ሥዕል አንሥተው በዝግታ ሲያሳዩን ትልቅ ይመስለናል። የውኃ ጠብታ ግን አያንስላቸውም፤ የገጽ ውጥረት መጠኑን ይወስነዋልና። ትንሽ ሞዴል በፊልም ላይ የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ በጠብታው ነው።

ወደ ቀለም እንለፍ። ብዙ ሞዴሎች የሚበላሹት በዚህ ደረጃ ነው። በብሩሽ የተቀባ የ0.05 ሚሊሜትር ቀለም በ1:350 ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ልስን ነው፤ መስኮቱንም፣ ሰንሰለቱንም፣ የብረቱን መጋጠሚያም ይደፍናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ቀለሙን አቅጥነው በአየር መርጫ ደጋግመው ይረጩታል፤ አቧራውንም አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ የ0.1 ሚሊሜትር ብናኝ የ3.5 ሴንቲሜትር ጠጠር ነውና።

አከራካሪው ጉዳይ ግን የቀለሙ መልክ ነው። መርከቧ ከተቀባችበት ቆርቆሮ ላይ የተወሰደ ግራጫ በሞዴል ላይ ሲቀባ ከልክ በላይ ጠቁሮ ይታያል። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ማብራሪያ የአየር ነው። 1:350 ሞዴልን ከ50 ሴንቲሜትር ማየት እውነተኛውን መርከብ ከ175 ሜትር እንደማየት ስለሆነ፣ በመካከል ያለው አየር ብርሃን በትኖ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ነጭ መቀላቀል ያስፈልጋል ይላሉ። አንዳንዶች እስከ 15 በመቶ ይደርሳሉ። እስኪ እናስላው። እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚያሳይ ጥሩ አየር በ175 ሜትር ርቀት የሚጠፋው የንጽጽር መጠን 3 በመቶ ብቻ ነው፤ በ1:700 ከ7 በመቶ አይበልጥም፤ በ1:72 ደግሞ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አየሩ ብቻውን ያን ሁሉ ነጭ ሊያስረዳ አይችልም።

በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት ብርሃኑ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ሲሰጥ የመኖሪያ ክፍል መብራት ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ይሰጣል። ዓይናችን ቢለምደውም በደካማ ብርሃን ቀለሞች ድምቀታቸውን ያጣሉ፤ ጥቁርና ግራጫም ይቀራረባሉ። ጥላም ሌላ ነው። ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ ጥላዋ የተቆረጠ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መብራት ከአንድ ሜትር ሲያበራ ግን 17 ዲግሪ ይይዛል፤ ከሞዴሉ ትንንሽ ክፍሎች በታች የሚወድቀውን ጥላም ያጠፋዋል። ሠሪዎች በመጋጠሚያዎች ውስጥ ቀጭን ጥቁር ቀለም የሚያፈሱት፣ በጠርዞች ላይ ደግሞ ነጣ ያለ የሚቀቡት ፀሐይ የምትሠራውን ሥራ በብሩሽ ለመተካት ነው። ነጭ የሚቀላቅለውም ሰው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ነው የሳተው። ምን ያህል ይቀላቀል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሞዴሉ በሚቆምበት ክፍል መብራት ሥር እየሞከሩ መወሰን ነው።

በሞዴል ላይ የተቀባ ቀለም የሰው ሕይወት የተመካበት ጊዜም ነበር። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች በብዛት ያሰጥሙ ነበር። ሠዓሊው ኖርማን ዊልኪንሰን መርከብን በባሕር ላይ መሰወር እንደማይቻል ተረድቶ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ቶርፒዶ ተኳሹ የሚያነጣጥረው መርከቧ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ወደምትደርስበት ቦታ ስለሆነ አቅጣጫዋንና ፍጥነቷን መገመት ይኖርበታል። ጎልተው በተሰባበሩ ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ መስመሮች ግምቱን ማሳት ይቻላል አለ። በለንደን ሮያል አካዳሚ ውስጥ በተሰጠው ክፍል ትናንሽ የእንጨት ሞዴሎች በተለያየ ንድፍ እየተቀቡ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከጀርባቸውም የተሣለ ሰማይ ይደረግና በፔሪስኮፕ ይታያሉ። የተመልካቹን ግምት ያሳተው ንድፍ ወደ ወደቦች ተልኮ በእውነተኛ መርከቦች ላይ ይቀባል። በ1918 ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ቀለሙ መርከቦችን ስለማዳኑ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም፤ የመርከበኞቹን ሞራል ግን ከፍ እንዳደረገ ተቀብሏል።

እነዚህን መርከቦች ዛሬ በ1:700 ሠርቶ የሚቀባ ሰው ሥራውን ከ50 ሴንቲሜትር ከተመለከተው የሚያየው የሚያምር ሥዕል ብቻ ነው። ተኳሹ ከ1,500 ሜትር ያየውን ለማየት ከሞዴሉ 2 ሜትር ያህል መራቅ፣ ዓይንን እስከ ጠረጴዛው ገጽ ዝቅ ማድረግና አንዱን ዓይን መጨፈን ያስፈልጋል። ከዚያ ሌላ ሰው ሞዴሉን ትንሽ ያዙረውና አፍንጫው ወዴት እንደዞረ በዲግሪ ይገምቱ።