አሮጌው የመነጽር ፍሬም አይጣል

ዕድሜያቸው ወደ 40 ዓመት የተጠጋ ሰዎች ዳዊት ሲደግሙ መጽሐፉን ከዓይናቸው ማራቅ ይጀምራሉ፤ ልብስ ሰፊውም በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ይሳነዋል። ይህም የሚሆነው በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው። በሽታ ባይባልም እንጀራን ይነካል።

ብዙ ሰው የመነጽር ዋጋ ሲነገረው ደንግጦ እንደሚመለስ ታዝበናል። ሆኖም ከዋጋው ቀላል የማይባለው ድርሻ የፍሬሙ ነው። በሣጥን ውስጥ ያልተሰነጠቀ፣ ማጠፊያውም ያልላላ አሮጌ ፍሬም ካለ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ወደ መነጽር ሠሪ ይወሰድ፤ ባለሙያው አዲሱን መስተዋት በፍሬሙ ልክ ሞርዶ ያገባበታል። የፈላ ውሃ ግን የፕላስቲክ ፍሬም ያጣምማል።

የሟች አባትን መነጽር ከነመስተዋቱ ማድረግ (ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች አይደሉም) አይረባም፤ ፍሬሙ ይወረሳል እንጂ የዓይን ልክ አይወረስም። በመንገድ ላይ የሚሸጠውም ለሁለቱ ዓይኖች አንድ ልክ ያለው ነው። ዓይኖቹ እኩል ለሆኑለት ሰው ለንባብ ሊበቃው ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ሕመም ቀስ በቀስ የሚያሳውረውን ግላኮማ የሚያገኘው ምርመራ ብቻ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በሚሰጠው ወረቀት ላይ የየዓይኑ ልክና በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር እንዲጻፍ እንጠይቅ። መነጽሩንም ከመረከባችን በፊት እዚያው ቆመን ጥቂት መስመር እናንብብበት።